ሠላሳ ሁለት ያለው ቆጣሪ

ሴት የሚወድ ሰው አበባ ይሰጣል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ድምፅ ካለው ይዘፍናል። እኔ የሰጠኋት በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ከየት አመጣኸው እንዳትሉኝ፤ ከራሴ ጨምሬ ነው።

ሰፈሩ ጨምርበት ይለኛል። ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አላሳለፍኩትም፤ ስድስተኛን ግን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩት እኔ ሰባት ብዬ ነው የምቆጥረው። ስሙን ያወጣችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ከሱቄ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ግድግዳው ደግሞ ከወረቀት የሚሻለው በቀለሙ ብቻ ነው። አንድ ቀን ለአንድ ደንበኛ፣ ፍሬን በሌለው ብስክሌት ቁልቁለት ስወርድ ጥላዬ ወደ ኋላ ቀርቶብኝ ታች ሩብ ሰዓት ቆሜ እንደጠበቅኩት ሳወራለት፣ እህቴ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ከማዶ «ጨምርበት፣ ግማሽ ሰዓት በለው» አለች። ስሙ በዚያው ቀረ።

የወደድኳትን ልጅ ደግሞ ብስክሌተኞቹ ግራም ይሏታል። አባቷ ዋናው መንገድ ላይ መድኃኒት ቤት ያላቸው ሰው ናቸው፤ እሷም ነጭ ጋዋን ለብሳ ከባንኮኒው ኋላ ትሠራለች። በዚያ ቤት «ትንሽ» ወይም «በርከት አድርጊ» የሚባል ነገር የለም። ሻያቸው ውስጥ የሚገባው ስኳር እንኳ መጀመሪያ ሚዛን ላይ የሚወጣ ይመስለኛል። አባትየው በሕይወታቸው «ወደ አምስት ሰዓት ገደማ» ብለው አያውቁም፤ አራት ሰዓት ከሃምሳ ሰባት ነው የሚሉት። እዚያ ቤት ያደገች ልጅ የእኔ ሱቅ ውስጥ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጣ የእኔን ወሬ ስትሰማ መዋሏ ለሰፈሩ አልገባውም። ለእኔም አልገባኝም፤ ጠይቄ እንዳላበላሸው ፈራሁ።

ዘንድሮ በጋ ሲገባ ከአባቷ ጋር ተዋዋለች። በበጋው አራት የጎዳና ውድድር አለ። በአንዱ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ሴቶች መሃል ከገባች የብስክሌት ክለቡ ይቀበላታል፤ አባቷም ስለ ብስክሌት ሁለተኛ ክፉ አይናገሩም። ካልገባች ብስክሌቷ ይሸጣል፤ እሷም አክስቷ ወዳለችበት ሩቅ ከተማ ሄዳ የመድኃኒት ትምህርቷን ትጀምራለች። አራት ዓመት ነው። አራቱም ዓመት እኔ የሌለሁበት ከተማ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን እሷ አላለችም፤ እኔ ነኝ ያሰላኋት።

ልምምዳችን እንዲህ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ በአሮጌው ሞተሬ ከፊት እሄዳለሁ፤ እሷ ከኋላ ጎማዬ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተለጥፋ ትከተላለች። ሞተሩ ነፋሱን ስለሚሰብርላት እግሯ ብቻዋን ከምትችለው በላይ ይፈጥናል። የሞተሩ ፍጥነት መለኪያ እኔ ከገዛሁት ጀምሮ ዜሮ ላይ ተኝቷል፤ ስለዚህ ስንት እንደሄድን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በጋውን ሙሉ እሷ ያየችው የእኔን ጀርባ ነው። እኔ ያየሁት መዳፍ በምታህል መስታወት ውስጥ የእሷን ፊት ነው። ፍጥነት ስጨምር የታች ከንፈሯን ትነክሳለች። ዳገት ላይ ግራ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። አንዳንዴ ቀና ስትል ዓይናችን መስታወቱ ውስጥ ይጋጫል፤ ያኔ እኔ መንገድ ማየት አቆማለሁ። አንድ ቀን በዚህ ምክንያት ሦስት ኪሎ ሜትር ሙሉ መንገዱን ሳላይ እንደነዳሁ ለእህቴ ብነግራት፣ ሞተሩ ካንተ ይሻላል ማለት ነው አለችኝ።

ነገሩ የተበላሸው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ግራም አዲስ ፍጥነት ቆጣሪ ገዝታ፣ ብስክሌቱ መሪ ላይ ግጠምልኝ ብላ ትታልኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ቆጣሪው የክብሪት ሣጥን ያህላል። የፊት ጎማው ሽቦ ላይ ትንሽ ማግኔት ይታሠራል፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ቆጣሪው አንድ ይላል። አንድ ዙር ስንት ሚሊ ሜትር መንገድ እንደሆነ ግን ራሱ አያውቅም፤ የሚነግረው ሰው ነው። ስለዚህ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለህ፣ መሬት ላይ አንድ ዙር ታንከባልለዋለህ፣ በሜትር ለክተህ ቁጥሩን ትሞላለታለህ። የእሷ ጎማ ሁለት ሺህ ዘጠና ስድስት መጣ። ሁለት ሺህ ዘጠና ስድስት ብዬ ሞላሁ። እስከዚህ ድረስ ጨዋ ሰው ነበርኩ።

በማግስቱ ብቻዋን አንድ ሰዓት ሄዳ ተመለሰች። ብስክሌተኛ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቁጥር አለች፤ ብቻዋን አንድ ሰዓት ሙሉ በሠላሳ ሁለት የምትሄድ ሴት ውድድር ላይ ከተወዳዳሪው መንጋ አትቀርም ይባላል። የግራም ቆጣሪ ሃያ ዘጠኝ አለ። አላለቀሰችም። የጎማው ክምር ላይ ተቀምጣ ጓንቷን በየጣቱ እየጎተተች አወለቀች። ሌላ ሰው ቢሆን ነፋስ ነበር፣ አልተኛሁም፣ ቆጣሪው አልቻለበትም ይላል። የመድኃኒት ቤት ልጅ ግን ከቁጥር ጋር አትከራከርም። አባቴ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም አለችና ወጣች። ፊቷ እንደጠፋ አምፖል ነበር።

ብስክሌቷ እኔ ዘንድ ቀርታ ነበር። ካቴናውን አጠብኩ፣ ቅባት ቀየርኩ፣ ከዚያ እጄ ራሷን ችላ ቆጣሪው ላይ ሄደች። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብዬ ሞላሁት።

በማግስቱ ሠላሳ ሁለት አለ።

ሳቋን ልነግራችሁ እፈልጋለሁ፤ ሳልጨምር መናገር ግን አልለመድኩም። እንዲሁ ሳቀች። ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ ሱቁ በር ላይ ቆማ ሳቀች፤ እህቴ መኪናዋን አቁማ ምን ሆናችሁ ብላ መጣች። የፊት ጎማው መሃል ቅባቱ ደርቆ ኖሮ ነው የያዘሽ አልኳት። እጅህ ወርቅ ነው አለችኝ። ነገ እመልሰዋለሁ አልኩ በሆዴ። በነጋታውም ነገ አልኩ። እንደዚህ እያልኩ ስንት ነገ እንደበላሁ ቆጣሪ ቢኖር ይናገር ነበር።

አንድ ጊዜ ልትደርስብኝ ነበር። ዋናው መንገድ ዳር የኪሎ ሜትር ድንጋዮች አሉ፤ ቆጣሪዋ ከድንጋዮቹ ጋር አልስማማ አላት። በየድንጋዩ መሃል ወደ መቶ ሜትር ትርፍ እየመጣብኝ ነው አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? ድንጋዮቹን የተከለው ሰውዬ ሰነፍ ነበር፣ ሸክሙ ሲበዛበት አራርቆ ተከላቸው፣ የተረፉትን ቤቱ ወስዶ ወንበር አደረጋቸው፣ እኔ ራሴ አንዱ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ አልኳት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ድንጋዮቹን አላመነቻቸውም።

የመጀመሪያው ውድድር ላይ ጎማዋ ፈነዳ። ሁለተኛው ላይ ወደቀች። ሁለቱም ከተማ ውስጥ በዙር የሚቆጠሩ ስለነበሩ ኪሎ ሜትር ያስታወሰ የለም። በሁለተኛው ውድድር ዕለት መንገድ ዳር አስቀምጬ ከጉልበቷ ውስጥ ጠጠር ስለቅም፣ እጇ ትከሻዬን ጨብጦ ነበር፤ ካመማት በላይ ጨብጦ ነበር። በጋው ሲያልቅ የምነግርህ ነገር አለ አለችኝ። አሁን ንገሪኝ ብላት፣ መጀመሪያ አሥር ውስጥ ልግባ አለች። ቁስሉን ያሠርኩላት በአባቷ ፋሻ ነው። ሥራው ቶሎ እንዳያልቅብኝ ደጋግሜ ጠቀለልኩት፤ እግሯ ትራስ አክሎ ቀረ።

ሦስተኛው ውድድር ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነበር፤ ቀጥ ያለ የጎዳና ውድድር። ዕቅዷ ግልጽ ነው። ከመንጋው ጋር ተደብቃ ትሄዳለች፤ ቆጣሪዋ ሰባ አምስት ሲል፣ አምስት ኪሎ ሜትር ሲቀራት፣ ያላትን ሁሉ አውጥታ ታመልጣለች። እኔ መጨረሻው መስመር ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ ያ ዕቅድ ምን እንደጎደለው ገና አልገባኝም ነበር። ስድስተኛን ሁለት ጊዜ ነው የተማርኩት አላልኳችሁም?

ያልኩትን አድርጌያለሁ አለችኝ በኋላ። ሰባ አምስት ሲል ብድግ አለች። ማንም አልተከተላትም። ከእሷ በቀር ሁሉም የሚያውቀው ነገር ቢኖር ግን፣ መንገዱ ገና አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ይቀረው ነበር። ሰማንያ አለ፤ የመጨረሻው ባንዲራ የለም። ሰማንያ ሁለት አለ፤ ባንዲራ ሳይሆን ዳገት መጣ። ሰማንያ አራት ላይ እግሯ እምቢ አለ፤ መንጋው በሁለት ጎኗ አለፈ፤ አንዷ ስታልፍ አይዞሽ እንዳለቻት ነገረችኝ። ከሁሉም በላይ ያቃጠላት እሱ ነው። ሃያ ስድስተኛ ወጣች።

መስመሩን አልፋ ወደ እኔ ስትመጣ አላዘነችም፤ ተቆጥታ ነበር። ቆጣሪው ላይ በጣቷ እየነካች አሳየችኝ። ሰማንያ ሰባት ነጥብ ስምንት ይላል። አዘጋጆቹ ስምንት ኪሎ ሜትር አሳስተው ለክተው ገደሉኝ አለች። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ለጥላዬ፣ ለድንጋዩ፣ ለሁሉም ቃል የማያጣ አፌ ግን እንደ አሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ተጣበቀ። እሷ ዝምታዬን ቁጣ መሰላት፤ አንተም ተናደድክልኝ አይደል ብላ ክንዴን ያዘች። በሰው ፊት ክንዴን ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን እንኳ በደስታ መቀበል አልቻልኩም።

ከዚያ የማይሆን ነገር ሆነ። አባቷ ከእሷ ጎን ቆሙ። ልጄ በብስክሌት ብትሸነፍ ጉዳዬ አይደለም፣ በመለኪያ ግን ማንም አያጭበረብራትም ብለው፣ በሥራ ቀን መድኃኒት ቤታቸውን ዘግተው፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ በሚጽፉባት ንጹሕ ጽሕፈታቸው ለውድድሩ ኮሚቴ አቤቱታ ጻፉ። ቆጣሪውንም ከመሪው ላይ አስፈትተው የክኒን ከረጢት ውስጥ አሸጉት፤ ቀኑን ጻፉበት፤ ማስረጃ ነው፣ ማንም እንዳይነካው አሉ። ግራም ይህን ሁለቴ ደግማ ነገረችኝ። አባቷ ስለ ብስክሌት ከእሷ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ በዕድሜዋ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ድሮ እሽቅድድም የሮጡ፣ ዛሬም እንደ ፔዳል ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሽማግሌ ናቸው። መልሳቸው አጭር ነበር። ሐሙስ ጠዋት መንገዱ አመልካቾች ባሉበት በመለኪያ ጎማ ይለካል። አቤቱታው እውነት ከሆነ ውድድሩ ይሰረዛል። ሐሰት ከሆነ አመልካቿ ከቀሪው ውድድር ትታገዳለች፤ ደንቡ ነው። ቀሪ ውድድር ያለው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ በቀጣዩ ሳምንት እሑድ።

ማክሰኞ ጠዋት ልምምድ ላይ ሞተሩን መንገድ ዳር አቁሜ ዞርኩና ሁሉንም ነገርኳት። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብዬ እንደሞላሁ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ለምን። አፍጥጣ አየችኝና ሳቀች። ጥላህ ከኋላህ ሳይደርስ ነው ወይስ ከደረሰ በኋላ ነው ይህን ያደረግከው አለችኝ። በእህቴ ሞት ብዬ ማልኩ። ለሰነፉ ሰውዬም በእህትህ ሞት ነው የማልከው አለች። እውነቷን ነው፤ ምስኪን እህቴን በበጋው ብቻ ስንቴ እንደገደልኳት አላውቅም። ቆጣሪው ቢኖር ቁጥሩን ባሳየኋት ነበር፤ እሱ ግን አባቷ መሳቢያ ውስጥ ታሽጎ ተቀምጧል።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ። አንድም ነገር አልጨመርኩበትም፤ እንደዚያ ያለ ደረቅ ጽሑፍ ዳግመኛ አልጽፍም። እህቴ መድኃኒት ቤት ድረስ ወሰደችልኝ። ረቡዕ መልሱ መጣ። እንዲህ ይላል፦

«ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የምታደርገው ገብቶኛል። እንዳልታገድ ፈርተህ ጥፋቱን በራስህ ላይ እያደረግክ ነው። ለእኔ ሲል እንዲህ የዋሸ ሰው የለም። በጋው ሲያልቅ እነግርሃለሁ ያልኩትን አሁን ልንገርህ፤ እወድሃለሁ። ውሸትህን ሁሉ እወደዋለሁ፤ ይህኛውን ግን ከሁሉም አብልጬ።»

እህቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። የፍቅር ደብዳቤ ደርሶት እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ የሚያነብ ሰው ካንተ ሌላ አላየሁም አለች። ወረቀቱን አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። የምመኘው ቃል ሁሉ እዚያ ነበር፤ አንዱም ግን የእኔ አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት መነሻው ላይ ሊቀመንበሩ እንጨት የተሰካባትን መለኪያ ጎማ ይዘው ቆመዋል፤ ሁለት የኮሚቴ ሰዎች አብረዋቸው አሉ። አባትየው ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው የታሸገውን ከረጢት በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ግራም ብስክሌቷን ደግፋ ቆማ ስታየኝ ፈገግ አለች። እኔ የእህቴን ሜትር አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ ጠመኔ በእጄ ይዤ፣ መለኪያው ሊንከባለል ሲል ፊት ለፊቱ ገባሁ።

ሊቀመንበሩ የአንተን ወሬ ልንሰማ አልመጣንም አሉ። አትስሙኝ አልኳቸው፤ ማንም እንዲሰማኝ አልፈልግም፤ ለኩ ብቻ። ብስክሌቷን ከእጇ ወስጄ ጎማው ላይ ጠመኔ አደረግኩ፣ አስፋልቱ ላይ አንድ ዙር አንከባለልኩ፣ ሜትሩን ዘረጋሁ። ቁጥሩን እኔ እንዳላነብ አባትየው ራሳቸው ኮታቸውን ሰብስበው አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ሁለት ሺህ ዘጠና ስድስት» አሉ።

ከረጢቱን ቀደዱት። የትኛው ቁልፍ እንደሚነካ ጠቆምኳቸው፤ ነኩት። ቆጣሪው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብሎ አበራ። ወረቀት አልጠየቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱና፣ ሰማንያ ሰባት ነጥብ ስምንት በዚህ ሲስተካከል ሰማንያ ይመጣል፣ መንገዱ ትክክል ነው አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ሳያዩ ለሊቀመንበሩ አቤቱታችንን አንስተናል አሉ። ሊቀመንበሩ መለኪያ ጎማቸውን ቀና አድርገው ያዙ። ገና አልተንከባለለችም፤ ስለዚህ ሐሰት ነው ብዬ የምጽፈው የለም፣ ልጅቷ መወዳደር ትችላለች ብለው ሰዎቻቸውን ይዘው ሄዱ።

አባትየው ጉልበታቸውን አራገፉ። «ለምን?» አሉኝ።

«ሃያ ዘጠኝ ስታይ ፊቷ ጠፋ፣ ጋሼ። ሠላሳ ሁለት ስታይ ሳቀች።»

እሳቸው መኪናቸው ውስጥ ገብተው በሩን ዘግተው ተቀመጡ።

ግራም አልተንቀሳቀሰችም። «ሠላሳ ሁለት አንድም ቀን አልሄድኩም?»

ሄደሻል አልኳት። ቆጣሪው ሠላሳ አምስት ያለ ቀን፣ ባለፈው ወር፣ በእርግጥ ሠላሳ ሁለት ሄደሻል፤ ከዚያም ወዲህ ወርደሽ አታውቂም። የማጽናናት መስሎኝ ነው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

«አየህ» አለች፣ ቀስ ብላ። «የእኔዋ ሠላሳ ሁለት መጥታለች። እኔ አላወቅኳትም። ጓንቴን አውልቄ፣ ውኃ ጠጥቼ፣ ወደ ሥራ ሄጃለሁ። ያን ቀን ነው የወሰድክብኝ። ውድድሩን አይደለም። ያን ቀን።»

«ልመልስልሽ ብችል...»

«አትችልም። ቀን አይጠገንም።» እጇን ዘረጋች። «ደብዳቤዬን ስጠኝ።»

ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ረቡዕ ከገባበት አልወጣም። ሰጠኋት። ሳትከፍተው፣ ሳትቀደው፣ እንደ ደረሰኝ አጥፋ የማሊያዋ ጀርባ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ብስክሌቷን እየገፋች ስትሄድ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እውነት ለሰው ይህን ያህል ከባድ ዕቃ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ መቅረቱ አናደደኝ።

ከዚያ በኋላ ብቻዋን ትለማመድ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሱቁ በር ታልፋለች፤ አንገቷ አይዞርም። እኔ ወሬ አቆምኩ። ደንበኞች ታመሃል ወይ አሉኝ፤ አንዱማ ብስክሌቱ ምንም ሳይሆን፣ ወሬ ፍለጋ ብቻ፣ ደህናውን ጎማ አስተንፍሶ መጣ። እህቴ ማሾፏን ተወች። ግድግዳው ማዶ ዝም ስትል የማውቀው ሕመም ሁሉ አነሰብኝ። የሚያናድደው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ስታልፍ በዓይኔ ብቻ እለካታለሁ፤ ሠላሳ ሦስት ትሄድ ነበር፤ ይህን ደስታ የምነግራት ሰው እኔ አይደለሁም።

ከውድድሩ በፊት ባለው ቅዳሜ ብስክሌቷን ይዘው የመጡት አባቷ ናቸው። የኋላው ጎማ ቸርኬ ይወዛወዛል አሉ። ሌላ ጠጋኝ ጋ ልውሰደው ቢሏት፣ የጠላሁት አፉን ነው፣ እጁን አይደለም እንዳለቻቸው ነገሩኝ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እያጠበቅኩ እያላላሁ ቸርኬውን አቃናሁ፤ ራሴ ላይ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ቆጣሪውን አወጡ፤ ትክክለኛውን ቁጥር ሙላ አሉ። ሞላሁ። መነጽራቸውን ወደ ላይ አድርገው አራቱንም አኃዝ በየተራ አነበቡ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ ነገ እዚያ ትሆናለህ ወይ አሉኝ። እሆናለሁ አልኩ። ብስክሌቷን እየገፉ ሄዱ።

እሑድ መጨረሻው መስመር ላይ ሣጥን አስቀምጬ ላዩ ላይ ወጣሁ። ዘጠኝ ሴቶች ቀድመው አምልጠው ገቡ፤ እያንዳንዳቸውን በጣቴ ቆጠርኩ። ቀሪው ቦታ አንድ ነው። ከኋላ መንጋው መጣ፤ ወደ ሃያ ይሆናሉ፣ መንገዱን ሞልተው። ግራም በቀኝ ጠርዝ በኩል ነበረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ያለመስታወት እየጋለበች አየሁት። ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር ተነሣች፤ በትክክለኛው ሰዓት ተነሣች፤ አንዲት ሜትር አልሳተችም። አራቱን አለፈች። ስድስቱን አለፈች። ሦስት ጎማ አንድ ላይ መስመሩን ነካ፤ ሕዝቡ ጮኸ፤ ማን ቀደመ የሚለውን ለማወቅ ዳኞቹ ፎቶግራፋቸው ላይ ተደፉ።

እኔ ግን ዓይኔን አልነቀልኩም። አይቻለሁ።

አባቷ ውኃ ይዘው ቆመው ነበር፤ አለፈቻቸው። ሊቀመንበሩን አለፈች። የውጤት ሰሌዳው ባዶውን ተሰቅሎ ነበር፤ አላየችውም። ሣጥኔ ሥር መጥታ ቆመች፤ አንድ እግሯን መሬት አድርጋ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ዓይኔን አየችኝ።

«ስንተኛ ነኝ?»

«አሥረኛ» የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። ተዘጋጅታ፣ ታጥባ፣ ለብሳ ቆማለች። ሰሌዳው እስኪሞላ ቢያንስ ሩብ ሰዓት አለ። ሩብ ሰዓት ሙሉ እንደዚያን ቀን በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ይዛ ልትስቅልኝ ትችላለች። ከዚያ የፈለገው ይምጣ። ምን ያህል ፈልጌ እንደነበር ማንም አያውቅም።

«አሥራ ሁለተኛ» አልኳት።

አባቷ ውኃውን እንደያዙ ከኋላዋ ደርሰው ነበር፤ ሰሙኝ።

«ከአሥረኛዋ በስንት?»

«በሩብ ጎማ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ራስ ቁሯን ሳታወልቅ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣለችው። ጠርዙ አጥንቴን መታኝ፤ አልተንቀሳቀስኩም። ዳኞቹ ገና ፎቶግራፉ ላይ ናቸው። ወደ እነሱ ዞር አላለችም፤ «ምናልባት» አላለችም፤ «ልጠብቅ» አላለችም። እዚያው ትከሻዬ ላይ የአክስቷን ከተማ፣ አራቱን ዓመት፣ የሚሸጠውን ብስክሌት አንድ በአንድ ስትቀበል በትንፋሿ ተሰማኝ። እውነት ተናግሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነችኝ። ምነው ባላመነችኝ።